ለእህቴ ቤት ባትሪ ፍለጋ፣ ከሐይቅ እስከ አምባሰል

ማክሰኞ ንጋት፣ ደሴ

ፀሐይ ሳትወጣ ከቤት ወጣሁ። ደሴ ጉም ለብሳለች፤ መነኻሪያ ስደርስ ነጠላዬ ርሷል። የምሄደው አምባሰል፣ ታላቅ እህቴ ዘሀራ ዘንድ ነው። በመንገዴ ሐይቅ ከተማ ወርጄ ባትሪ እገዛላታለሁ።

ዘሀራ ስኳር አለባት። ቀበሌዋ መብራት ስለሌለው ኢንሱሊኗን የምታቆየው በሁለት ሸክላ ማሰሮ መካከል እርጥብ አሸዋ ጠቅጥቃ ነው። ጅዳ ያለው ልጇ ትንሽ የመድኃኒት ማቀዝቀዣ ላከላት። የፀሐይ ፓነሉ ከዱሮ ጀምሮ ጣሪያዋ ላይ አለ፤ የውሃ ባትሪዋ ግን ሞቷል። ሙቀቱ እየመጣ ነው፤ ሸክላው አይችለውም። ልጁ ገንዘቡን ልኮ ምርጫውን ለኔ ተወው።

ሹፌሩ የምፈልገውን ሲሰማ እስከ ቦሩ ሜዳ ድረስ ስለ ሊትየም አስተማረኝ። የራሱ ስልክ ግን ባትሪ ጨርሶ ጠፍቶ ነበር።

ረፋድ፣ ሐይቅ

ቁልቁለቱ ላይ ጉሙ ተገፈፈና ውሃው ከታች ታየ። ከተማው በባጃጅ፣ በሽንኩርት ጆንያና በአሣ ሻጭ ተሞልቷል። መጀመሪያ ትልቁ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ ጥቁር፣ ድፍን ሳጥን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ሠላሳ ስምንት ሺህ። የአምስት ዓመት ዋስትና አለው።»

«ቢበላሽስ ወዴት ልውሰደው?»

«አዲስ አበባ።»

«ተሸክሜ?»

«በመኪና ይላካል፣ እናቴ።»

ከመነኻሪያው ጀርባ ሰይድ የሚባል፣ ጅዳ ሠርቶ የተመለሰ ልጅ ባትሪ በእጁ እንደሚሠራ ሰምቼ ወደ እሱ ሄድኩ። አሮጌ የላፕቶፕ ባትሪ እየሰነጠቀ ሴሎቹን እንደ ባቄላ ከልጣጩ ያወጣል። አንድ በአንድ ይለካቸዋል፤ ደህናዎቹን በአንድ ሳህን፣ የደከሙትን በሌላ ያደርጋል።

«ለኔ በስንት ትሠራልኛለህ?»

«አሥራ ሰባት ሺህ።»

«ለምን ረከሰ?»

«ሴሎቹ አሮጌ ናቸዋ። አዲስ ሴል አስመጥቼ፣ መቆጣጠሪያውን ቦርድ፣ ሳጥኑንና ሽቦውን ጨምሬ ብሠራልዎ ከሱቁ አይረክስም። ያኔ የሱቁን ይግዙ እላለሁ።»

«ከነዚህ አንዱ ቢደክምስ?»

«ጓደኞቹንም ያደክማቸዋል። ያመጡልኛል፣ እቀይረዋለሁ።»

«አንተ ጅዳ ብትመለስስ?»

«ያኔ የሞትኩ ያህል ይቁጠሩት» ብሎ ሳቀ። «ወላሂ አልመለስም። እናቴ ሚስት አጭታልኛለች።»

ልጁን ወደድኩት። ዋጋውንም ወደድኩት። አሣ ጥብስ አዝዤ እየበላሁ ሁለቱን አመዛዘንኩ። የሰይድ ባትሪ ቢታመም ሐኪሙ ቅርብ ነው፤ የሱቁ ግን ቶሎ አይታመምም። የሚጠብቀው የሰው መድኃኒት ከሆነ የማይታመመው ይሻላል ብዬ የሱቁን ገዛሁ። ሰይድ ሳጥኑን ይዤ ሳልፍ አየኝ። «አብሽሩ እማ፣ አይዞዎ፣ አልተቀየምኩም» አለኝ፤ ትንሽ ግን ተቀይሟል።

ከሰዓት፣ አምባሰል

ከውጫሌ በኋላ ባጃጁ እስከ ወንዙ ብቻ አደረሰኝ። ከገበያ የምትመለስ አንዲት ሴት ባትሪውን አህያዋ ላይ ጨው ከያዘው ስልቻ ጎን ጫነችልኝ። ወደ ላይ ማሽላው እስከ አምባው ግርጌ ቆሟል።

ዘሀራ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ከስታለች።

«ዘግይተሻል» አለችኝ።

«ባትሪ ሳማርጥ ነው።»

«የዱሮሽ ነሽ። ሱሪ የምትገዢ ይመስል ስትገለባብጪ ዋልሽ አይደል?»

ባለሱቁ እንዳሳየኝ ቀዩን ሽቦ ከቀዩ፣ ጥቁሩን ከጥቁሩ አሰርኩ። ማቀዝቀዣው እንደ ንብ ማንጎራጎር ጀመረ። ዘሀራ መድኃኒቷን ከማሰሮው አውጥታ ውስጡ ደረደረች፤ በሩን ሁለት ጊዜ ከፍታ አየችው።

ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ እንደተሰገደ ሰዎች መምጣት ጀመሩ። «አሰላሙ አለይኩም፣ አፊያ ናችሁ?» እያሉ ይገባሉ፤ ሁሉም እጅ ላይ ስልክ አለ። ቤቱ መብራት እንዳገኘ ያወራችው ባለ አህያዋ መሆን አለባት። የአንዷ ልጅ ዱባይ ናት፣ ዛሬ ትደውላለች። የሌላው ወንድም ሪያድ ነው። ዘሀራ የሁሉንም ተቀብላ ሰካች። ጨዋታው ደራ፤ እህቴ ስትስቅ ከሰማሁ ቆይቻለሁ።

ረቡዕ ጠዋት

ስነሳ ማቀዝቀዣው ዝም ብሏል። ባትሪው አልቆ ራሱን ዘግቷል። ሌሊቱ ብርድ ስለነበር መድኃኒቱ አልሞቀም፤ ግን ብርዱ በየቀኑ አይገኝም።

«እነዚህን ስልኮች እምቢ ማለት አለብሽ» አልኳት።

«ልጇ የምትደውልላትን ሴት ባትሪ የለኝም ልበላት? አላህ እያየኝ?»

«እንግዲያው የዱሮውን የውሃ ባትሪም የገደሉት እነሱ ናቸው።»

«ናቸው።»

«ሌላ ቤት ይሰኩ። ሰው ሰብስበን አንድ ቦታ እንፈልግላቸው።»

ዘሀራ ነጠላዋን ማጠፍ ጀመረች። አጥፋ ስትጨርስ፣ «ስልኩ ሲሄድ ሰዉም ይሄዳል» አለች። «ሰውየዬ ካረፈ ወዲህ ማታ ማን ይመጣል መሰለሽ?»

ተነስቼ ወደ ቅሬ ዳኛው ቤት ሄድኩ። ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ከቀብር አልፎ የሰፈሩን ነገር ሁሉ ይቆርጣል፣ እስላም ክርስቲያኑም በአንድ ላይ ነው። ዳኛው አባ ይማም ጓሯቸው ጌሾ ሲያርሙ አገኘኋቸው። ነገሩን ስነግራቸው አጎንብሰው እንዳሉ ሰሙኝ።

«ዘሀራ እምቢ ትበል ነው የምትይኝ?»

«አትልም።»

«አትልማ። እኛም እንድትል አንጠይቃትም። ያ ያልሽኝ የሐይቁ ልጅ የሚሠራው ለስልክ ይሆናል?»

«ለስልክማ ይበቃል። ቢደክምም የሚሞት ሰው የለም።»

«እንግዲያው ቅሬው ያሠራል። ፓነል ከኔ ጣሪያ ይወርዳል፤ ወፍ ነው የሚያርፍበት።»

«የት ይቀመጣል?»

ቀና ብለው አዩኝ። «ደሴ ስትኖሪ ረሳሽ እንዴ? እዚያው ዘሀራ ቤት ነዋ። የእሷን ባትሪ የነካ ግን ቅሬው ይቀጣዋል። ጥፋቱ የኛ ነው፤ ሁላችንም አንድ ስልክ ምን ያደርጋል እያልን ነው የሄድነው። እኔም ሰክቻለሁ።»

ከሰዓት፣ ሐይቅና ደሴ

ሰይድ ጠረጴዛው ላይ ነበር። የቅሬውን መልእክት ነገርኩት።

«ተመልሰው መጡ» አለ።

«ለኔ አይደለም፣ ለሰፈሩ ነው።»

«ትልቅ ላድርገው?»

«ትልቅ አድርገው። ጎረቤት ይበዛል።»

«አምባሰል ወጥቼ ራሴ እገጥመዋለሁ» አለኝ። ሚኒባስ ይዤ ደሴ ስገባ ጉሙ ተመልሶ ከተማው ላይ ወርዶ ነበር።

ሰይድ ወጥቶ ከገጠመው በኋላ፣ ይህን ማስታወሻ ከመዝጋቴ በፊት አንድ ማታ ለዘሀራ ደወልኩ። ቶሎ አላነሳችም። ከበስተኋላዋ የብዙ ሰው ድምፅ ነበር።

«ማቀዝቀዣውስ?» አልኳት።

«ይሠራል።»

«መድኃኒቱ?»

«ቀዝቃዛ ነው፣ ሲወጉት ይቆረጥማል። በይ፣ ሰው አለብኝ» አለችና ዘጋችው።

መልሼ አልደወልኩም።