አሥር ኪሎ የማርያም ሊጥ

ሙሉሰው ማራኪ በሚባለው ሰፈር በአንድ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ምስማር በኪሎ እየመዘነ ይሸጣል። ሚዛን ላይ ያልወጣ ነገር አያምንም። ገበያ ወርዶ ምስር በጣሳ የምትሰፍር ሴት ካየ፣ «አሁን ይሄ ልኬት ነው?» እያለ ለብቻው ይስቃል። ሚስት የለውም። ሲጠየቅ «መርጬ ነው» ይላል፤ ማን ማንን እንዳልመረጠ ግን አሳምሮ ያውቃል።

የማርያም ማኅበር ተራው ሲደርስ፣ የግቢ ጎረቤቱ እትዬ አየለች «ዱቄቱን ብቻ አምጣ፤ ዳቦውን እኔ እጋግርልሃለሁ» አሉት።

«ግድ የለም እትዬ፤ ራሴ እጋግራለሁ።»

«አንተ?»

«ምነው፣ እጅ የለኝም?»

«እጅስ አለህ» ብለው ሳቁ።

ወሬው ሳይመሽ ለማኅበርተኛው ሁሉ ደረሰ። ከዚያ ወዲያ መመለሻ አልነበረውም፤ ወይ ብቻውን ጋግሮ ማቅረብ፣ ወይ የማኅበሩ መሳቂያ መሆን።

መካነ ብርሃን ላለች እናቱ ደወለ። «አሥር ጣሳ ዱቄት፣ አራት ጣሳ ውሃ፣ ከዚያ እርሾህን ጨምር» አለችው። የዱቄት ወተት የነበረበት ጣሳ ነበረው። ግን ምስማር ሻጭ በጣሳ ይሰፍራል? ጣሳውን ውሃ ሞልቶ፣ ከሱቅ በተዋሰው ሚዛን ላይ አወጣው። የባዶውን ጣሳ ክብደት ቀንሶ ቢያይ ልክ አንድ ኪሎ። «በቃ፣ ጣሳ ማለት ኪሎ ነው!» አለ። ብልህነቱ ራሱን አስገረመው።

ከወፍጮ ቤት ለምናልባቱም ጨምሮ የስንዴ ዱቄት ገዛ፤ አሥሩን ኪሎ በትልቅ ሳፋ ገልብጦ ማቡካት ጀመረ። አራቱ ጣሳ ውሃ ሲያልቅ ዱቄቱ ገና በቅጡ አልራሰም። በቡጢ ቢመታው እጁን አመመው። «እናቴ አርጅታለች፤ መርሳት ጀምራለች» ብሎ አዘነላትና ውሃ ጨመረ። ደግሞ ጨመረ። ሲለሰልስለት ሸፍኖ በኩራት ተኛ።

ጠዋት ሲነሳ ሊጡ ክዳኑን ገፍቶ፣ ከሳፋው ወርዶ፣ ወለል ለወለል ወደ በሩ ሲጓዝ አገኘው። የተረፈውን ዱቄት በጣሳው ሞልቶ የመዘነው ያን ጊዜ ነው። ግማሽ ኪሎ ከምናምን! ደግሞ መዘነው። ሚዛኑ ምንም አልሆነም። አንድ ጣሳ ምስማርና አንድ ጣሳ ሰጋቱራ እኩል እንደማይመዝኑ እንኳን እሱ፣ የሱቁ ዘበኛም ያውቃል። «አይ ሙሉሰው» አለ፣ «አርጅታለች አልክ አይደል?»

መጣልማ ቀላል ነበር። ግን በማርያም ስም የተቦካ ሊጥ እንዴት ይጣላል? ያለው ምጣድ አንድ፣ እንግዶቹ ከሰዓት ይደርሳሉ። ሳፋውን አቅፎ የእትዬ አየለችን በር በእግሩ አንኳኳ።

እትዬ ሳፋውን አዩ፤ እሱን አዩ። «ምነው፣ ሠርግ አለብህ እንዴ?»

«ሙሽራዋ ይቺው ናት» አለ ሊጡን በአገጩ እያሳየ። «ሌሊቱን ስትወፍር አደረች።»

እትዬ መቃኑን ይዘው ሳቁ። ከዚያ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ሸብ አደረጉና ጎረቤታቸውን ካሰችን ምጣዷን ይዛ እንድትመጣ ተጣሩ።

ከሰዓት በኋላ የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው አያ ወልደኢየሱስ፣ ዳቦው ተባርኮ ከተቆረሰ በኋላ ቀመሱና፣ «ሸጋ ዳቦ ነው። እውን አንተው ነህ የጋገርከው?» አሉት።

እትዬ አየለች ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው አነሱ፤ ሊያጋልጡት አልፈለጉም። ሙሉሰው «አዎ» ሊል አፉን ከፈተ። ግን ጥግ ላይ የተደረደሩትን፣ ገና ያልተነኩትን ድፎዎች አየ፤ ይሄን ሁሉ ለደርዘን ሰው ያቀረበ ጋጋሪ ምን ብሎ ይዋሻል?

«ሊጡ የኔ ነው አያ፤ ዳቦው የእትዬና የካሰች ነው። እኔ አሥር ጣሳ ተብዬ ወደ ሃያ ጣሳ አቡክቻለሁ፤ ለዚያውም በሚዛን ለክቼ!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። የፈራው ደረሰበት፤ የማኅበሩ መሳቂያ ሆነ። ከሁሉ አብልጦ ይስቅ የነበረው ግን እሱ ራሱ ነው፤ ጉርሻው ትን እስኪለው ድረስ።