ሙሽሪት የያዘችው ክንድ

ነገሩ የተጀመረው በክረምት መግቢያ፣ ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ያስታወሰችኝ የአክስቴ ልጅ ናት፤ ሰሞኑን ስልኳ ላይ የራሷን ምስል በአንድ ጣት ነክታ ከጀርባው ለየችውና፣ «አየሽ፣ ፀጉሬ እንኳ አልተነካም!» አለችኝ። እኛ ያኔ ፀጉርን ከግድግዳ ለመለየት ኮምፒውተር ላይ ስንት ሰዓት እናጎነብስ ነበር።

ተመርቄ ሥራ ሳጣ ሆሳዕና መናኸሪያ አጠገብ ጋሽ ከማል ፎቶ ቤት ገባሁ። ዋናው ሥራችን ሳውዝ፣ ማለት ደቡብ አፍሪካ፣ የሄዱ ልጆችን ፎቶ ላይ እዚህ ከቀረ ቤተሰብ ጎን ማቆም ነበር። የዚያን ቀን የመጣችው ግን የትምህርት ቤት ጓደኛዬ አስቴር ናት። የነርስነት ትምህርቷን ሳትጨርስ፣ ሳውዝ ላለና አይታው ለማታውቅ ሰው ታጭታለች። ያመጧት የሙሽራው እናት ከጃጁራ በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ ይዘው ስለነበር ቤቱ ወዲያው ቅቤ ቅቤ ሸተተ።

ጋሽ ከማል ሙሽሪትን አየር አስይዞ አያነሳም። ክንድ የሚያበድር ሰው ያቆማል፤ በኋላ ያ ሰው ተቆርጦ ይወጣና ሙሽራው በቦታው ይገባል። ለዚሁ የተቀመጠውን ኮት ራሱ ሊለብስ ሲል እናትየው ተቆጡ።

«የልጄን ሚስት ሌላ ወንድ ሊይዛት? ኧረ በኢየሱስ ስም!»

«በይ እንግዲህ፣ ሙሽራው አንቺ ነሽ» አለኝ እየሳቀ። «ቀና በይ እንጂ! ሙሽራ እንዲህ ያፍራል?»

ጥቁሩ ኮት ጉልበቴ ድረስ ወረደ። አስቴር ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። ፎቶውን ተነስተን ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ስንገባ ጆሮዬ ላይ፣ «አታሳምሪው» አለች።

«ምኑን?»

«ፎቶውን። ሰርጉ ላይ በእሱ ፋንታ የሚቆመው ይሄ ነው። ካስጠላቸው በአካል እስኪመጣ ይቆይ ይላሉ። እሱ ወረቀት የለው፣ ቶሎ አይመጣ። እኔም ትምህርቴን እጨርሳለሁ።»

እሺ አልኳት። ሙሽራውን በእኔ ቦታ ሳስገባ የተቆረጠበትን ጠርዝ እንደ መጋዝ ጥርስ ተውኩት። በጆሮው ዙሪያ ከሳውዝ የላከው ፎቶ ነጭ ግድግዳ ቀረ፤ በአስቴር ጣቶች መካከል ደግሞ የእኔ ኮት ቁራጭ። ለእኔ ክር የተመዘዘ ልብስ ለብሶ ከቤት እንደመውጣት ነበር።

ወደ ማምሻው እናትየው ኮምፒውተሩ ፊት ቆሙ። አስቴር ከጎናቸው ሆና ፊታቸውን ታያለች። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው የልጃቸውን ጉንጭ ዳሰሱ።

«አብሯት ቆመ እኮ! ከሄደ ወዲህ እንዲህ ቆሞ አላየሁትም። እጅሽ ይባረክ፣ ልጄ።»

«ጠርዙ ትንሽ…» አልኩ።

«የምን ጠርዝ?»

ጋሽ ከማል ግን አይቶታል። ዓይኑን ወደ እኔ መልሶ፣ «ነገ ጠዋት ይታተማል» ብቻ አለ። አስቴር ስትወጣ በሩ ላይ ቆም አለች።

«እንግዲያውስ አስተካክይው። ፎቶው ላይ እኔም አለሁበት።»

የናፈቀ ሰው ጠርዝ እንደማያይ አሁን አውቃለሁ። ያኔ ግን ሥራዬ ከተበላሸ አንድ ነገር የሚያስቆም መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ቀድሜ ገብቼ አስቴርና እኔ የቆምንበትን የመጀመሪያውን ፎቶ እንደገና ከፈትኩ። አጉልቼ ከአውራ ጣቷ ጀመርኩ። ነጥብ በነጥብ እየዞርኩ ጣቶቿን አንድ በአንድ ከክንዴ አላቀቅኩ፤ ጠርዛቸውን አለሰለስኩና የሰውየው ክንድ ላይ አስቀመጥኳቸው።