በአንድ ጎን መቀመጥ

ረዘነ ሃያ ዓመት ሙሉ በስደት በሚኖርባት ከተማ፣ በኪሊማኒ ሰፈር አስፋልት ላይ ስኩተር ነድቷል፤ ጠጠር ላይ ግን ወጥቶ አያውቅም። ዛሬ ዋናው መንገድ ተዘጋ። ሚስቱ ለተገብርኤል፣ ካናዳ ካለው ልጃቸው ጋር ለመገናኘት ስድስት ዓመት የጠበቀችው የኤምባሲ የቪዛ ቃለ መጠይቅ ጠዋት በሦስት ሰዓት ነው፤ ሃያ ደቂቃ ብቻ ቀርቷል። ስለዚህ በጠጠሩ መንገድ ገቡ።

የስኩተር ጎማ ትንሽ ስለሆነ ጠጠር ላይ ይንሸራተታል። የሚገርመው ግን፣ መሪውን ለቀቅ አድርገው ከያዙትና ክብደቱ መሃል ላይ ካረፈ፣ ራሱ መንገዱን ያገኛል! ለተገብርኤል ግን አስመራ በወጣትነቷ እንደለመደችው ሁለቱንም እግሯን በአንድ ጎን አድርጋ ነበር የተቀመጠችው። ሁለት ጊዜ ወደቁ።

«ለተ፣ እግርሽን ግራና ቀኝ አድርጊ!»

«በዚህ ዕድሜዬ ቀሚሴን ሰብስቤ? ሰው ምን ይለኛል?»

«የምን ሰው? ፍየሎቹ ናቸው የሚያዩሽ!»

ጉልበቷ እየደማ ቀሚሷን ሰብስባ ተቀመጠች። ስኩተሩ ቀጥ ብሎ ሄደ፤ ረዘነ በዚያ ጭንቀት መሃል እንኳ ተደነቀ።

ኤምባሲው በር ሲደርሱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ዘበኛው ዝርዝሩን አየ።

«ማማ፣ ስምዎ ሁለት ጊዜ ተጠርቶ አልፏል።»

ለተገብርኤል የብረቱን በር በሁለት እጇ ጨበጠች።

«እንግዲያው ሦስተኛውን አንተ ጥራልኝ፣ ልጄ።»

ዘበኛው ወረቀቱን አጠፈው፤ ወደ ውስጥ ዞሮም ስሟን ጠራ።