ጭማቂው የወጣለት ቅጠል

በመጀመሪያ ይቅርታ። ፊደል የቆጠርኩት ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ስለሆነ እጄ ቀርፋፋ ነው፤ አንዳንዱን ቃል እጽፈውና ራሴው ማንበብ ያቅተኛል። ደግሞ የበር ጥበቃ ምን ይጽፋል ትሉ ይሆናል፣ እውነታችሁን ነው። ግን ስለ ባለቤቴ ሌላ የሚጽፍ ሰው የለም።

ባለቤቴ የምትሠራው እኔ በሩን በምጠብቅበት መሥሪያ ቤት ነው። የመድኃኒት ቅጠል የሚመረመርበት ቤት ነው። ቅጠሉ በጆንያ ሲመጣ ትለቅመዋለች፣ ታጥበዋለች፣ ከዚያ ጥላ ውስጥ ሽቦ ላይ ታሰጣዋለች። ፀሐይ ካገኘው ኃይሉ ይጠፋል ይላሉ። ሲደርቅ ትፈጨውና በትልልቅ ጠርሙስ አልኮል ውስጥ ትዘፈዝፈዋለች። ሲጣራ ፈሳሹ ምርምሩን ለምትሠራው ዶክተር ይሄዳል፤ ዶክተሯም እግሩ ባበጠ አይጥ ላይ ትሞክረዋለች። እብጠቱ ይቀንሳል አሉ። ሰው ላይ ገና አልተሞከረም። የተጨመቀው ቅጠል ይጣላል። ሠራተኛው ሁሉ ባለቤቴን "ቅጠሊት" ነው የሚላት፤ ሽታው ከልብሷም ከትራሳችንም አይወጣም።

የእጇ ነገር መቼ እንደጀመረ እሷም በደንብ አታውቀውም። መጀመሪያ የቀለበት ጣቷ አበጠና ቀለበቱን በሳሙና አወጣነው። ከዚያ ሌሎቹ ተከተሉ። ጠዋት ጠዋት ጣቶቿ አልታጠፍ ስለሚሉ የቀሚሷን ቁልፍ የምቆልፍላት እኔ ነኝ። ሐኪም ቤት ክኒን ሰጥተዋት ነበር፣ ጨጓራዋን ሲያቃጥላት ተወችው። ሥራ ቦታ ጓንት አድርጋ ትውላለች፤ እነሱ ለንጽሕና ይመስላቸዋል። ከሷ በፊት የነበረችው ሴት ወገቤን አመመኝ ባለች በወሩ ቦታዋ በሌላ ተያዘ። ባለቤቴ ይህን አልረሳችም። እጇን ካዩባት እንጀራዋ አበቃ ማለት ነው።

ማታ ሲወጣ ሰው ሁሉ ቦርሳው ይፈተሻል። እሷንም የምፈትሸው እኔ ነኝ።

"እለፊ በቃ" ስላት፣

"ፈትሽ እንጂ! ኋላ ሚስቱን ያሳልፋል ይሉሃል" ትለኛለች፣ ቦርሳዋን ራሷ ከፍታ። "ደግሞ ቀስ በል፣ እንቁላል አለበት።"

እንቁላል የለበትም። ያለው በፌስታል የተቋጠረ እርጥብ ቅጠል ነው።

"ይሄስ?"

"የተጣለ ነው። ካልተጣለ አልነካም፣ ታውቀኝ የለ።"

ቤት ስንገባ ሞቅ ባለ ውሃ ትለውሰውና እጇ ላይ ታደርገዋለች፣ እኔ በጨርቅ እጠመጥምላታለሁ። "ቀለል ብሎኛል" ትላለች። ብዙ ወር እንዲህ ከረምን። ጠዋት ግን ቁልፉን የምቆልፈው ያው እኔ ነበርኩ።

አንድ ቀን ዶክተሯ አብራት ስትወጣ ፌስታሉን አየችው። ዶክተሯ በዕድሜ ልጃችን ብትሆን ነው፣ ክፉም አይደለችም።

"እትዬ፣ ይሄን ደግሞ ምን ያደርጉበታል?"

"ለዶሮ ነው" አለች ባለቤቴ። ዶሮ የለንም።

ዶክተሯ ሳቀች። "ኧረ ዶሮዎቹን አያታልሏቸው! የነበረው ነገር ሁሉ እኮ በአልኮሉ ወጥቷል። ይሄ ባዶ ገለባ ነው።"

"እንዲያ ነው?" አለች ባለቤቴ። እሷም ሳቀች። እኔ ቦርሳውን ዘጋሁት።

ቤት ስንገባ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። እኔም ምንም አልተሰማኝም። እንዴት እንደምለው አላውቅም፣ ብዙ የተቀመጡበት እግር እንደሚደነዝዘው ነው።

"ትንሽ እንኳ የሚቀረው መስሎኝ ነበር" አለች።

"ቀለል ብሎኛል ትዪ አልነበር?"

"ውሃው ይሆናላ። ውሃው ይሞቃል።"

ከዚያ ከየት እንደመጣብኝ እንጃ፣ "ከደህናው ቅጠል አንድ እፍኝ ያዢ። ፈታሹ እንደሆን እኔ ነኝ" አልኳት።

"አንተ ስለሆንክ እኮ ነው የማልይዘው" አለች። ቆይታ ደግሞ፣ "እኔስ ብሆን አይጥ ነኝ እንዴ?"

መቀለዷ ነው። አልሳቅንም። ፌስታሉን ቆሻሻ ውስጥ ጣለችው፣ ጨርቁን እኔ አጠብኩት።

በማግስቱ ጠዋት እንደልማዳችን ቆላልፌላት ሄድን። የውሃ ጀሪካኗን ላደርስላት ከኋላዋ ገባሁ። ጓንቱ ምስማር ላይ ተሰቅሏል፤ አላነሳችውም። ቅጠሉ የተዘፈዘፈበትን ትልቅ ጠርሙስ በሁለት ክንዷ አቅፋ ሄዳ ዶክተሯ ፊት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና ያበጡ ጣቶቿን ከጎኑ ዘረጋቻቸው።

"ዶክተር፣ ክዳኑን ይክፈቱልኝ" አለቻት። "እኔ አልችልም። ዶሮም የለኝም።"