ጋርኔት ፕሮኮፒዩክ ወግ ሲማር

ጋርኔትን «በረዶው ዛሬ እንዴት ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው ወንበር ስቦ ቢቀመጥ ይሻለዋል። እኛ ዘንድ፣ ኤልክሆልም በምትባለው የማኒቶባ ትንሽ ከተማ ውስጥ፣ ይህ ሰላምታ እንጂ ጥያቄ አይደለም። «ጥሩ ነው» ይባልና ሁሉም ጫማውን ቀይሮ ወደ ጨዋታው ይገባል። ጋርኔት ግን የተጠየቀውን የሚመልስ ሰው ነው። የውኃውን ሙቀት፣ የጣሪያውን እርጥበት፣ በሁለተኛው የመጫወቻ መስመር ሥር የሚያልፈው ቧንቧ ለምን ከሌሎቹ ይበልጥ እንደሚቀዘቅዝ አንድም ሳያስቀር ይናገራል። አንድ ቀን የባንኩ ሥራ አስኪያጅ ሳያስበው ጠየቀውና የገዛው ሾርባ እጁ ላይ እስኪቀዘቅዝ ቆሞ አዳመጠ። መልሼ ያሞቅሁለት እኔ ነኝ። የክለቡን ወጥ ቤት የምይዘው እኔ ስለሆንኩ ብዙ ነገር ሳልፈልግ አያለሁ።

የከርሊንግ ክለባችን ቆርቆሮ የለበሰ ረጅም ቤት ነው። ውስጡ አራት የበረዶ መስመሮች አሉ፤ ሰዎቹ ከባድ ክብ ድንጋይ እያንሸራተቱ፣ ፊት ፊቱን በመጥረጊያ እየጠረጉ፣ በሌላው ጫፍ ከተሳለው ክብ መሃል ለማድረስ ይፎካከራሉ። ከየጨዋታው በፊት አንድ ሰው የውኃ ዕቃ ጀርባው ላይ አዝሎ፣ ወደ ኋላ እየተራመደ፣ በረዶው ላይ ጠብታ ይረጫል። ጠብታው ሲረጋ ድንጋዩ የሚሄድበት ሸካራ ፊት ይወጣዋል። ያ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ጋርኔት ነው። አባቱ ከክለቡ አጠገብ ባለው የእህል ጎተራ ይሠራ ነበርና አንድ ክረምት ልጁ ከብርድ ተጠልሎ አባቱን ሊጠብቅ ክለቡ ገባ፤ ገብቶ ቀረ። ዋናው የበረዶ ሠሪ ኧርኒ ከእግሩ ሥር እንዲጠፋለት ብሎ መጥረጊያ ሰጠው። ልጁ መጥረጊያውን ይዞ እዚያው አረጀ ማለት ይቻላል፤ አሁን ወደ አርባ እየተጠጋ ነው።

ሠላሳን ካለፈ በኋላ አንድ የዊኒፔግ ሐኪም ኦቲዝም እንዳለበት ነገረው። እናቱ አለቀሱ። እሱ «እሺ» አለና የአውቶቡሱ ማቆሚያ በየት በኩል እንደሆነ ጠየቀ።

ባለፈው መኸር የኧርኒ ጉልበት እምቢ አለ። በቦታው ጋርኔት ይተካል ብለን ሁላችንም ደመደምን፤ የክለቡ ኮሚቴ ግን አልደመደመም። አንዲት አባል «በረዶው ነው ያሸነፈኝ» ብትለው ጋርኔት «አይ፣ ድንጋዩን ዘግይተው ስለሚለቁት ነው» ብሏት ነበር። እውነት ስለነበረ ከረር ያለ አቤቱታ አቀረበች። የኮሚቴው ሰብሳቢ ዊልፍ ስታንግል ወጥ ቤት ድረስ መጣና፣

«ስማ ልጄ፣ ዋናው በረዶ ሠሪ ከሰው ጋር ማውራት አለበት» አለው። «በኢንተርኔት የሚሰጥ ስልጠና አለ፤ እንዳንተ ላሉ ሰዎች የተዘጋጀ የንግግር ችሎታ ትምህርት ነው። እሱን ጨርስና እንጠይቅሃለን። ካልሆነ ከብራንደን ከተማ አንድ ሰው እናመጣለን፤ ረዳቱንም ይዞ ነው የሚመጣው።»

ረዳቱን ይዞ ከመጣ ጋርኔት መጥረጊያውንም ያጣል ማለት ነው። ለኤልክሆልም ሌላ የበረዶ ቤት የለም። ጋርኔትም ሌላ የሚሄድበት ቦታ አልነበረውም፤ ሊኖረውም አይፈልግም።

ስለዚህ በየማክሰኞው ምሳውን ከበላ በኋላ ላፕቶፑን የድንች መላጫዬ አጠገብ ከፍቶ ይቀመጣል። ምሳው ፔሮጊ የሚሉት፣ ድንች የተሞላ የተቀቀለ ሊጥ ነው፤ ያልተጠበሰ፣ ሽንኩርት ያልነካው፣ አንዱ ሌላውን ያልነካው። አስተማሪዋ ካሊስታ የምትባል ከቶሮንቶ የምታስተምር ወጣት ናት፤ ፈገግታዋ ገና ስክሪኑ ሳይበራ የሚደርስ ይመስለኛል።

«ጎበዞች፣ ሰው በስክሪን ስታናግሩ ካሜራዋን እዩ» አለች በመጀመሪያው ቀን። «ፊቱን ካያችሁ ወደ ታች የምታዩ ይመስለዋል።»

«ስለዚህ እርስዎን ለማየት እርስዎን ማየት የለብኝም?» አለ ጋርኔት።

«ልክ ነው፣ ጎበዝ።»

«አሁን እያዩኝ ነው?»

«አዎ፣ በደንብ።»

«እንግዲያው አያዩኝም።»

ካሊስታ ውኃ ጠጣች። ሌላዋ ተማሪ፣ ከሃሊፋክስ የምትሳተፈው ሮዌና፣ ካሜራዋን ወደ ጣሪያ አዙራ ስለነበር የምናየው የጣሪያ ማራገቢያዋን ብቻ ነበር።

«እኔን ተዉኝና ማራገቢያዬን እዩ» አለች። «እንዴት ነው፣ ያምራል?»

«አንዱ ክንፉ ተጣሟል» አለ ጋርኔት።

«ባሌም እንዲሁ ነው። ይሠራል ግን።»

ድንቹን እየላጥኩ ሳቄን በሽርጤ ደበቅሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ቀላል ወግ የሚባለውን ተማሩ፤ ካሊስታ ጋርኔትንና ሮዌናን አጣምራ አለማመደቻቸው።

«ቅዳሜና እሁድሽ እንዴት ነበር?» አላት።

«ምን ሊያደርግልህ?»

«ታዝዤ ነው።»

«እሺ፣ ደህና ነበር።»

«ዋሸሽ?»

«ትንሽ።»

«በጣም ግሩም» አለች ካሊስታ፣ እያጨበጨበች። ለሰው ሁሉ «በጣም ግሩም» ትላለች፤ አንድ ቀን ሮዌና አስነጥሳ ተብሎላታል።

ሦስተኛው ትምህርት ግን ለጋርኔት ከሁሉም የባሰ ሆነ። ሌሎች እርስ በርስ ሲነጋገሩ ጣልቃ አትግቡ፤ ቀለል ያለ ፈገግታ ይዛችሁ፣ ካሜራውን እያያችሁ፣ ስማችሁ እስኪጠራ ጠብቁ የሚል ነው። ጋርኔት ፈገግታውን በማቀዝቀዣው በር ላይ እያየ ተለማመደ። ጥርሱን ያመመው ሰው መሰለ።

«አክስቴ ኔታ፣ ይኸኛው እንዴት ነው?» ይለኛል። አክስቱ አይደለሁም፤ ክለቡ ሁሉ የሚጠራኝ እንደዚያ ነው።

«ትንሽ ቀንስበት» እለዋለሁ። እኔ ራሴ ሰው ፊት ላይ ዓይኔን ማሳረፍ የሚያስጨንቀኝ ሴት ነኝ፤ ምን መካሪ ያደርገኛል። ቢሆንም የት እንደሚያይ እንዳይጠፋው ቀይ የሸሚዝ ቁልፍ ከካሜራው ጎን ለጠፍኩለት።

ኮሚቴው ጋርኔትን በስክሪን የሚፈትንበት ቀን የገና በዓል ካለፈ በኋላ ነበር። ኮሚቴው እንደ ልማዱ ብርዱን ሸሽቶ አሪዞና ነው የሚከርመው፤ የኤልክሆልም በረዶ የሚመራው ከመዋኛ ዳር ነው። ዊልፍ የገለባ ባርኔጣ አድርጎ፣ ከኋላው ዘንባባ ቆሞለት ታየ። ገንዘብ ያዡ ሌስ ከጎኑ ደረቱን ገልጦ ተቀምጧል። ሦስተኛዋ አባል ሚስስ ፍሪዘን ብቻ ወገባቸው ስለማይመች እዚሁ ቀርተዋል፤ እሳቸው ከራሳቸው ሳሎን ሹራብ ይዘው ገቡ። እኔ ከስክሪኑ ውጭ ምድጃው ዘንድ ቆሜያለሁ።

ጋርኔት ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፏል። ሰላምታው በደህና አለፈ። ቅዳሜና እሁዳቸውን ጠየቀ፤ ዊልፍ ጎልፍ ሲጫወት ነበር፤ ሌስ ደግሞ ጎልፍ። ከዚያ የሚስስ ፍሪዘን በር ተንኳኳና «መጣሁ» ብለው ተነሡ። ዊልፍና ሌስ እሳቸውን ሲጠብቁ ስለ ክለቡ ጣሪያ ማውራት ጀመሩ። ጋርኔትም የተማረውን አደረገ። ቀዩን ቁልፍ እያየ፣ ያን ፈገግታ ይዞ፣ ሳይንቀሳቀስ ጠበቀ። እኔም እንኳ ይተነፍስ እንደሆነ ተጠራጠርኩ።

«ልጁ ደረቀ እንዴ?» አለ ሌስ።

ዊልፍ ወደ ስክሪኑ ቀረብ አለ። «ምስሉ ቆሟል። የዚያ ወጥ ቤት ኢንተርኔት ድሮም እርባና የለውም።»

«ይሻላል። በል ንገረኝ፣ ምን አሰብክ?»

«ልጁን እወደዋለሁ፣ ሌስ። ግን የባንኩን ሰው ሌላ ክረምት ላሰቃየው አልችልም። የብራንደኑን እናምጣ።»

«ያ የሚስትህ የአክስት ልጅ አይደለም?»

«ቢሆንስ? ሥራ ካላገኘሁለት ቤቴ መግባት የለም ተብያለሁ። ይህን ለፍሪዘን አትንገራት። ልጁን ወግ አላወቀም ብለን እናልፈዋለን።»

ማንኪያዬን ቀስ ብዬ አስቀመጥኩ።

በክለብ ከርሊንግ ዳኛ የለም። የሚንሸራተት ድንጋይ በእግሩ ወይም በመጥረጊያው የነካ ሰው፣ ማንም ባያየው እንኳ፣ ራሱ «ነካሁ» ይላል። ድንጋዩ ይነሣ ወይም ይቆይ የሚለውን የሚወስነው የተቃራኒው ቡድን መሪ ነው። ነክቶ ዝም ያለ ሰው በማኒቶባ አብሮት ቢራ የሚጠጣ አያገኝም።

«ነካሁ» አለ ጋርኔት።

አሪዞና ውስጥ ሁለት ሰዎች ዘለሉ።

«አልደረቅሁም። ጣልቃ አትግባ ስለተባልኩ እየጠበቅሁ ነበር። ግን እሰማችኋለሁ ማለት ነበረብኝ፤ ለእኔ የተባለ ንግግር አልነበረም። ጥፋቱ የእኔ ነው።» አሁንም የሚያየው ቀዩን ቁልፍ ነው።

ሚስስ ፍሪዘን ተመልሰው እየተቀመጡ ነበር። «ምን ሰማህ?» አሉት።

«ሚስተር ስታንግል የሚስታቸውን የአክስት ልጅ እንደሚቀጥሩና ለእርስዎ እንዳይነገር ሲሉ።»

«ዊልፍ?»

ዊልፍ ባርኔጣውን አወለቀ። ራሱ ላይ ፀሐይ ያላገኘው ነጭ መስመር አለ። ወደ ሌስ ዞረ፤ ሌስ መዋኛውን መመርመር ጀምሯል። ዊልፍ ከልጅነቱ ጀምሮ በረዶ ላይ ያደገ ሰው ነው፤ ሊዋሽ አፉን ከፍቶ አልሆነለትም።

«ነካሁ» አለ፣ ጥርሱን እንደሚነቅሉት ሰው።

«ደንቡን ታውቁታላችሁ» አሉ ሚስስ ፍሪዘን ሹራባቸውን እያነሡ። «ጋርኔት፣ የዊልፍ ድንጋይ የብራንደኑ ሰው ነው። ይነሣ ወይስ ይቆይ?»

ጋርኔት አሰበ። «ማንን እያየሁ ነው የምመልሰው?»

«የፈለግኸውን።»

ማቀዝቀዣውን እያየ፣ «ይነሣ» አለ።

መጀመሪያ የሳቀው ሌስ ነው። ጋርኔት ይሁን ብሎ እጁንም ቀድሞ ያወጣው እሱ ነው። ሚስስ ፍሪዘን መርፌያቸውን ከነክሩ አነሡ። ዊልፍ የቀረው እሱ ብቻ መሆኑን ሲያይ ክንዱን እስከ ጆሮው ድረስ ብቻ ከፍ አደረገ።

«ለሚስቴ ምን እላታለሁ?» አለ።

«እውነቱን። መዋኛው ዳር ሆነህ ንገራት» አሉት ሚስስ ፍሪዘን። «ብትገፈትርህም ውኃው ሞቃት ነው።»

«እኔ ዋናው በረዶ ሠሪ ነኝ?» አለ ጋርኔት።

«ነህ» አለ ዊልፍ። «እንግዲህ ልጄ፣ ሁላችንም እንኳን ደስ ያለ…»

ጋርኔት ላፕቶፑን ከደነው። የስንብት ትምህርት የተሰጠ ዕለት የበረዶ ቤቱ ማቀዝቀዣ ሞተር ተበላሽቶ ትምህርቱ አምልጦት ነበር።

እንኳን ደስ አለህ ልለው ዞር ስል የውኃ ዕቃውን ሞልቶ እያዘለ ነው። ማሰሪያው ትከሻው ላይ ተጣሞበት ነበርና አስተካከልኩለት።

«አመሰግናለሁ» አለኝ። «ውኃው ሳይቀዘቅዝ ልሂድ።»

ወደ በረዶው በሚያሳየው የወጥ ቤቱ መስታወት አየሁት። የምሽቱ ተጫዋቾች ጫማቸውን እያሰሩ ይጠብቁታል፤ እሱ በመጀመሪያው መስመር ላይ ወደ ኋላ እየሄደ፣ ክንዱን ግራና ቀኝ እያወዛወዘ ይረጫል። አንዷ መስታወቱን አንኳኩታ እጇን አውለበለበችለት። ቀና አላለም፤ ገና ሦስት መስመር ይቀረዋል።