የመብረቅ ቃታ

ሰዓት ሠሪዋ የቀለም ጠመንጃውን በግራ እጇ ገልብጣ ይዛ፣ በቀኟ ብሩጎላ በሚሏት፣ ከስንጥር በማትወፍር የብሎን መፍቻ ከቃታው ሥር ያለችውን ብሎን ታዞራለች። ማዞር ስላችሁ ሙሉ ዙር እንዳይመስላችሁ። የፀጉር ያህል ታዞርና ታቆማለች። ጆሮዋን አስጠግታ ቃታውን በጣቷ ጫፍ ትነካዋለች፣ ቀጭ ሲል ታዳምጣለች፣ ከዚያ እንደገና የፀጉር ያህል።

ይህን እጅ የወረሰችው ከአባቷ ነው። እሱ ዕድሜውን ሙሉ ሰዓት ሲጠግን ኖሮ፣ ሰው ሁሉ ሰዓቱን ከስልኩ ማየት ሲጀምር ሱቁን ዘጋ። እሷ ወረንጦውን፣ ዐይን ላይ የምትገጠመውን ማጉያና ጥቃቅን ሞላዎች የሚቀመጡበትን ሣጥኑን ይዛ፣ ሰዎች በቀለም ጥይት እየተታኮሱ ወደሚጫወቱበት ሜዳ መጣች። በመግቢያው በኩል፣ ጭንብሎች ከሚሰቀሉበት ግድግዳ ሥር አንዲት ጠረጴዛ ሰጧት። ይኸው ስድስት ዓመት ሆናት። ሌላ ሥራም ሌላ ጠረጴዛም የላትም።

ተጫዋች ሁሉ የሚለምናት አንድ ነገር ነው፤ "አፍጥኚልኝ።" ቃታ እስኪተኩስ ድረስ የሚሄዳት መንገድ አለች፣ ከተኮሰ በኋላም የሚሄዳት ትርፍ መንገድ አለች። ሁለቱን በየብሎናቸው ሲያሳጥሯቸው ጣት ቶሎ ቶሎ ይመላለሳል፣ ጥይቱም ይከታተላል። ከልክ በላይ ካጠሩ ግን ጠመንጃው ቃታው ሳይሳብ፣ ጎኑን ቸብ ቢያደርጉት እንኳ ይተኩሳል። ጭንብሉን ያወለቀ ሰው ፊት ለፊት ከተገኘ ደግሞ ዐይን ጠፋ ማለት ነው። ለዚህ ነው የሜዳው ዳኛ ገና በመጀመሪያው ቀን፣ "ከዚህ ጠረጴዛ ወጥቶ በራሱ የሚተኩስ አንድ ጠመንጃ ካገኘሁ ሣጥንሽን አንሥተሽ ትሄጃለሽ" ያላት።

ስለዚህ ሠርታ ስትጨርስ ጠመንጃውን ሦስት ጊዜ በመዳፏ ትመታዋለች። ዝም ካለ፣ በመርፌ ጫፍ ነጭ የጥፍር ቀለም ነክራ ከብሎኑ ራስ እስከ ጠመንጃው አካል አንዲት ቀጭን መስመር ታሰምራለች። ብሎኑን የነካ ሰው ካለ መስመሩ ይሰበራል። መስመሩ ምስክሯ ነው።

ያን ቀን ጠዋት የባሏ እህት መጣች። በሜዳው ላይ በፍጥነቷ "መብረቅ" ይሏታል። ሁለቱ ሰላምታ ካቋረጡ ሰባት ዓመት አልፏል፣ ማለትም ባልየው ሻንጣውን ይዞ ከወጣ ወዲህ።

መብረቅ ጠመንጃዋን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው እንጂ አላስቀመጠችውም።

"ደህና አደርሽ ይባላል" አለች ሰዓት ሠሪዋ ቀና ሳትል።

"ላንቺ? ወንድሜን ከቤቱ ላባረርሽው?"

"ወንድምሽ ሁለት እግር አለው። በራሱ እግር ነው የሄደው።"

"እንዳንቺ ካለችውማ እግር የሌለውም ይሄዳል።"

ተራ የሚጠብቁት ተጫዋቾች ወደ ጫማቸው አቀረቀሩ።

"ቃታው ፈዟል" አለች መብረቅ። "ባለፈው ሳምንት ትናንት የተወለዱ ውርጋጦች ቀደሙኝ። እኔን!"

"የፈዘዘው ቃታው ነው ወይስ ዕድሜው?"

"አፍሽን ትተሽ እጅሽን አሠሪ! እስከ መጨረሻው አሳጥሪው።"

"እስከ ልኩ አሳጥረዋለሁ።"

"ልክ የምታውቂ ሆነሽ ነው? አወቅሽበትና ትዳርሽ ሰነበተ!"

ሰዓት ሠሪዋ ጥርሷን ነክሳ ሠራች። ሁለቱንም ብሎኖች እስከ ልካቸው አጠበቀች፣ በመዳፏ ሦስቴ መታች፣ መስመሯን አሰመረች። ጠመንጃውን ስትመልስላት ግን አንድ ነገር ዐይኗ ገባ። የመብረቅ ሌባ ጣት አልታጠፍ ብሏል፤ አንጓው እንደ ባቄላ አብጧል።  መብረቅም እጇን ወዲያው ኪሷ ከተተች።

ከሰዓት በኋላ ግጥሚያው ሊጀመር ሲል ዳኛው እንደ ልማዱ ሁሉንም ጭንብል አስደርጎ ጠመንጃዎቹን አንድ በአንድ ወደ ጣውላው እያነጣጠረ ፈተሸ። የመብረቅ ተራ ደረሰ። ጎኑን በመዳፉ ቸብ አደረገው። ጧ! ጧ! ጣውላው ላይ ሁለት ቢጫ ቀለም ፈሰሰ። ጣቱ ከቃታው አጠገብ እንኳ አልነበረም።

"ይህን የሠራው ማነው?"

"እሷ ናት!" አለች መብረቅ ወደ ጠረጴዛው እየጠቆመች። "ልታስገድለኝ! የሰው ዐይን አጥፍቼ እንድታሰርላት!"

ሰዓት ሠሪዋ እጇን በጨርቅ እየጠረገች መጣች። "ከእኔ ሲወጣ ደህና ነበር ጋሼ። ነካክታዋለች።"

"አልነካሁም! ወንድሜ ይሙት፣ ብሩጎላ የሚባል ነገር በእጄ አልያዝኩም!"

"መስመርሽ ይታይ" አለ ዳኛው።

ሰዓት ሠሪዋ ማጉያዋን ዐይኗ ላይ ገጥማ ጎንበስ አለች። መስመሩ አልተሰበረም፤ ጭራሽ የለም። ቅንጣት ሳይቀር ተነሥቶ ብረቱ ብቻ ያበራል።  ምስክሯ ጠፋ።

"አለ?"

"የለም፣ ጋሼ።"

"ረስተሽ ሳታሰምሪው ቀርተሽስ እንደሆነ?" ዳኛው ደግ ሰው ነው፤ ግን ቃሉን አያጥፍም። ጠረጴዛዋን፣ ከጠረጴዛው ላይም የአባቷን ሣጥን አየ። "እንግዲህ እህቴ፣ የነገርኩሽን ታስታውሻለሽ።"

ሰዓት ሠሪዋ ከእሱ ጋር አልተከራከረችም። ወደ ባሏ እህት ዞራ፣ በቀስታ፣ ዕቃ እንደጠፋበት ሰው ጠየቀቻት።

"መስመሩን ምን አደረግሽው?"

"ያን ሟርትሽን?" አለች መብረቅ፣ ሰባት ዓመት የታመቀው ሁሉ ግንባሯ ላይ ወጥቶ። "መተት ቀብተሽ የምተውልሽ መስሎሽ? ጥፍሬ እስኪነቀል ፍቄ ጣልኩት! ብሎኑን ባዞርኩት ቁጥር እንደ እባብ ዐይን ያፈጥጥብኛል!"

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ያመለጣት ነገር ለራሷ ለመብረቅ የገባት ከሁሉም በኋላ ነው።

"ብሎኑን ባዞርሽው ቁጥር?" አለ ዳኛው።

"እኔ... ትንሽ ነው... ሩብ ዙር ብትሆን ነው..."

"ምስኪን ወንድምሽ" አለች ሰዓት ሠሪዋ ማጉያዋን እያወለቀች። "በከንቱ ሞተ።"

ሳቁ ከዳር እስከ ዳር ፈነዳ። መብረቅ ለዚያ ቀን ታገደች። ጓደኞቿ ሲሸነፉ ከመረቡ ውጭ ቆማ ጭንብሏን ሳታወልቅ አየች። ፊቷን ለማንም ማሳየት አልፈለገችም።

በሳምንቱ ተመልሳ መጣች። የት ትሂድ? ይህን ሥራ የሚችል ሌላ ሰው በአካባቢው የለም። ጠመንጃውን እንደ በፊቱ ወረወረችውና ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች።

"መልሺው ወደነበረበት።"

"ደህና አደርሽ።"

"ሥራሽን ሥሪ!"

ሰዓት ሠሪዋ ሁለቱን ብሎኖች ወደ ልካቸው መለሰች። ከዚያ ያችን ያበጠች ጣት በግራ ዐይኗ አየት አደረገችና የአባቷን ሣጥን ከፈተች። ቃታውን የሚገፋውን ጠንካራ ሞላ በወረንጦ አወጣች። በምትኩ ሳሳ ያለች፣ ለታመመ ጣት የማትከብድ ሞላ መርጣ አስገባች። የቃታው መንገድ ያው ነው፤ የቀለለው ክብደቱ ብቻ ነው። ሞላዋ ሳስታለችና በመዳፏ በሦስት ፋንታ አሥር ጊዜ መታችው። ዝም አለ። መስመሯን አሰመረች።

"እንኪ። ሟርቴን ደግሞ እንዳትፍቂው።"

መብረቅ ቃታውን ሳበች። ደጋግማ ሳበች። የተቋጠረው ግንባሯ ለአንድ አፍታ ተፈታ፣ መልሶም ተቋጠረ።

"ያው ነው" አለች። "ድሮም እጅሽ አይረባም።"

"ድሮም ጣትሽ አይረባም።"

በዚያው ቀን መብረቅ ውርጋጦቹን አንድ በአንድ ቀለም በቀለም አደረገቻቸው። አሁን ለሰው ሁሉ ጣቷን እያጣጠፈች ታሳያለች። "ድኗል! እኔ እኮ ዱሮም አልታመምኩም፣ የዚያች ሴትዮ ምቀኝነት ነው ያሰረኝ" ትላለች። ሰዓት ሠሪዋ ከጠረጴዛዋ ሆና ትሰማለች፣ ብሩጎላዋን የፀጉር ያህል ታዞራለች። ሰላምታም እስከ ዛሬ የላቸውም።

እንግዲህ እናንተ ይህን ያነበባችሁ፣ ወደዚያ ሜዳ ከሄዳችሁ አደራዬን ተቀበሉኝ። ላስታርቃችሁ ብላችሁ መሐላቸው አትግቡ፤ ከሁለት በኩል ትቀለማላችሁ። መብረቅን ካገኛችኋት ደግሞ ጣቷን አድንቁላት፣ ስለ ሞላዋ ግን ትንፍሽ እንዳትሉ። ካወቀች በጥርሷም ቢሆን ነቅላ ትጥላታለች፣ ጣቷም መልሶ ይታመማል።