ጨለማው ባቡር ውስጥ ሦስት ጊዜ

እታገኝ ዘውዴ ጠዋት ሥራ ስትገባ «እንደምን አደሩ» ከማለቷ በፊት ሁለት ጣቷን የአሮጊቷ አንገት ላይ ታሳርፋለች። በተሰደድንበት ከተማ፣ ሚድ ዊልሻየር ሰፈር አንድ አፓርትመንት ውስጥ የምታስታምማቸው የዘጠና አንድ ዓመት ፈረንጅ ናቸው፤ ሲተኙ ትንፋሻቸው አይሰማም። ስለዚህ የደም ሥራቸውን ዳስሳ፣ የግድግዳውን ሰዓት እያየች አንድ ደቂቃ ሙሉ ትቆጥራለች፤ ከዚያ መጋረጃውን ትከፍታለች። ስድስት ዓመት እንዲህ ሠርታለች። «እኔ ዓይኔን አላምንም፣ ጣቴን ነው የማምነው» ትላለች።

ፈሪ ናት። ሐሜት አይደለም፣ ራሷ የምትናገረው ነው። ሊፍት ትፈራለች። ፍሪዌይ የሚሉትን አውራ ጎዳና ትፈራለች፤ ፓልምስ ከሚገኘው ቤቷ የሐበሻ ሱቆች ወዳሉበት ወደ እኛ ሰፈር ፌርፋክስ ለመምጣት ሁለት አውቶብስ ትቀያይራለች እንጂ መንጃ ፈቃድ የሚባል ነገር አታነሡባትም። ከሁሉ በላይ የምትፈራው ግን የማይነሣ ስልክ ነው። አንድ ልጇን ፋናን የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለች አዲስ አበባ እህቷ ዘንድ ትታት መጣች። ያን ጊዜ ፋና ሃያ ሁለት ሞልቷት ነበር፤ የቪዛ ወረቀቷ ግን እታገኝ እስከምታውቀው እንደታሰረ ነበር። በየጠዋቱ ትደውልላት ነበር፤ ፋና ካላነሣች ያን ቀን እህል በአፏ አይዞርም ነበር።

ባለፈው መስከረም አንድ ረቡዕ ፋና አላነሣችም። ሐሙስም አላነሣችም። እህቷ ግን አነሣችና «ደህና ናት፣ ኔትወርክ ነው፣ ደግሞ ተኝታለች» ብላ ቸኩላ ዘጋችው። ኔትወርክ ከሆነ መተኛቷ ምን አመጣው? እታገኝ ይህን ስታወጣ ስታወርድ አደረች።

ዓርብ ጠዋት ሰገነት በሯን አንኳኳች። ሰገነት የሐበሻ ሱቅ አላት፣ ከእኔ ፀጉር ቤት ጎን። የእታገኝ የልብ ጓደኛ ናት፤ ሲያማት እንኳ ሱቋን ዘግታ አታውቅም። ያን ቀን ዘግታ መጣች። መኪና የምትነዳላት ልጇ ኤልሻዳይ ከኋላዋ ቆማለች።

«ተነሺ፣ ልበሺ! ዛሬ ሦስታችን እንዝናናለን» አለች ሰገነት።

«ምን ነካሽ? ሥራዬስ?»

«እሱን ተይው፤ አስፈቅጄልሻለሁ። ምትክ ሰው አግኝተዋል።»

እታገኝ አንድ ጫማ እግሯ ላይ፣ አንዱ እጇ ላይ እንዳለ ደርቃ ቀረች።

ለምን እንደደረቀች ለእኛ ሰፈር ሰው መንገር አያስፈልግም። ለማያውቅ ልንገር። አገር ቤት ሰው የሞተበት ስደተኛ መርዶውን በስልክ አይሰማም። ወዳጆቹ ቀድመው ይሰማሉ። ሳይነግሩት አለቃውን ያስፈቅዳሉ፣ ስልኩን በሰበብ ይቀበሉታል፣ ለብቻው አይተዉትም፣ ድንገት ደግ በደግ ይሆኑለታል። በመጨረሻ ሰው ቤቱ ይሰበሰብና አንድ ሽማግሌ ቃሉን ይናገራል። የእኛ ሽማግሌ ጋሼ ጸጋዬ ናቸው። እሳቸው ጥቁር ሱፋቸውን ለብሰው ከታዩ ሁላችንም በየልባችን ዘመድ መቁጠር እንጀምራለን።

እታገኝ ይህን ሥራ ራሷ ለሰው ስትሠራ ኖራለች። የሰፈራችን ልጅ ሩመይሳ አባቷ የሞቱ ጊዜ «ቻርጅ ላድርግልሽ» ብላ ስልኳን የወሰደችው እሷ ነበረች። ስለዚህ አልጠየቀችም። «ፋና?» ብትል የሰገነት ፊት እንደሚመልስላት ታውቃለች፣ ያን ፊት ደግሞ ማየት አልፈለገችም። ሁለተኛውን ጫማ አጠለቀች።

የሄዱት ከከተማው በስተደቡብ አንድ ሰዓት ወደሚያስኬድ ትልቅ የመዝናኛ ቦታ ነው። በመንገድ ላይ ሰገነት በማያስቅ ነገር ሁሉ ሳቀች። የትኬት ጣጣ እንኳ አልነበረም፤ ኤልሻዳይ አስቀድማ ገዝታለች። በሩን አልፈው ጥቂት እንደሄዱ ኤልሻዳይ እጇን ዘረጋች።

«እትዬ እታገኝ፣ ሶ ስልክሽን ስጪኝ። ራይዱ ላይ ይወድቅብሻል፤ ሎከር ሳጥን ውስጥ ሴቭ አደርግልሻለሁ።»

እታገኝ ስልኩን ስትሰጣት ጣቶቿ አልላቀቅ አሏት። ኤልሻዳይ ፈልቅቃ ነው የወሰደችው።

ፊት ለፊታቸው ጣራው እንደ ድፎ ዳቦ የተነፋ ነጭ ሕንፃ ቆሟል። ውስጡ ባቡር አለ፤ ሮለር ኮስተር የሚሉት፣ የሚወጣ የሚወርድ። ይኸኛው የሚሮጠው በድቅድቅ ጨለማ ነው፤ ሰው ጠፈር ላይ የወጣ እንዲመስለው ከዋክብት ብቻ ይበሩበታል። በሌላ ቀን ቢሆን እታገኝ ከሕንፃው ማዶ ሆና ታማትብና ትመለስ ነበር። የዚያን ቀን ግን ሰገነት ክንዷን ይዛ «አንድ ቀን እንኳ ደስ ይበልሽ፣ እኔ ልሙት» ስትላት እታገኝ የጓደኛዋን ዓይን እንባ አቅርሮ አየችው። ከዚያ በኋላ ያሏትን ሁሉ ማድረግ ጀመረች።

ሰልፉ ሰባ ደቂቃ ፈጀ። መካከሉ ላይ የሰገነት ስልክ ጮኸ። ሰገነት ዞር ብላ አነበበችና በእጅጌዋ ዓይኗን ጠረገች፤ ለኤልሻዳይም አንገቷን ነቀነቀችላት። እታገኝ ይህን በዓይኗ ጥግ አየች፣ አላየሁም ብላ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ማስጠንቀቂያ ታነብ ጀመር። ልብ ሕመም ያለበት፣ ወገቡን የሚያመው፣ ያረገዘች እንዳይሳፈሩ ይላል። ልጇ የሞተችባት እናት አይልም።

ተሳፈሩ፤ ሰገነትና ኤልሻዳይ ከፊት ወንበር፣ እታገኝ ከማታውቀው ሰው ጋር ከኋላቸው። ብረቱ ጭኗ ላይ ወርዶ ቀጭ አለ። ባቡሩ ቀይ መብራት ባለበት ዋሻ ሽቅብ ሲጎተት ከላይ አንድ ድምፅ ቁጥር ወደ ኋላ ይቆጥራል፤ አምስት፣ አራት፣ ሦስት። ከዚያ መብራቱ ሁሉ ጠፋ፣ መሬቱም ከሥሯ ተነሣ።

እታገኝ ያን ጨለማ ስትነግረኝ እስካሁን የወንበሬን ክንድ ትጨብጣለች። ወዴት እንደሚወስዷት አታይም። ግራ ስትል ቀኝ ይወረውሯታል፣ ብረቱን ጨብጣ ጥፍሯ ይሰበራል። ከፊትም ከኋላም ሰው ሁሉ ይጮሃል። ያኔ ከሁለት ቀን ጀምሮ ያፈነችው ወጣ።

«ልጄን! ፋናዬን! እኔን ያስቀድመኝ! ፋናዬን!»

ማንም ዞሮ አላያትም፤ በጩኸቱ መካከል ቃሉ አይለይም። እዚያ ቤት ውስጥ መጮህ ወግ ነው፤ ገንዘብ የተከፈለበት ጩኸት ነው። ደረቷን እየደቃች ሙሾዋን አወረደች፣ ጎኗ የተቀመጠው ልጅ እግር ፈረንጅ በደስታ ያቅራራል። ባቡሩ ብርሃን ውስጥ ገብቶ ሲቆም ፊቷን በሹራቧ ጠረገች።

«ዋው፣ እትዬ! እንዴት ነበር?» አለች ኤልሻዳይ እየሳቀች።

«እንደገና» አለች እታገኝ።

እናትና ልጅ ተያዩ። ፍርሃቷን አላስተዋሉም፤ የልጅነት ነገር የተነሣባት መስሏቸው ደስ አላቸው። እሷ ግን ያሰበችው ሰባውን ደቂቃ ነው። ሰባ ደቂቃ ሰልፍ ላይ ማንም ምንም አይነግራትም። እስካልነገሯት ድረስ ደግሞ ፋና በሕይወት አለች። ከዚያ ሕንፃ ወጥታ ቤቷ ከገባች ጋሼ ጸጋዬ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ያኔ ያበቃል። ጨለማውን እንደ ሞት ትፈራዋለች፤ ቤቷን ግን ከዚያ ይበልጥ ፈራችው።

ሁለተኛ ጊዜ ተሳፈረች፣ ጮኸች፣ ወረደች። ምሳ አቀረቡላት፣ አልነካችም። ሦስተኛ ጊዜ ስትሰለፍ ከንፈሯ አመድ መስሎ ነበር። ያለቀሰችው ግን አሁንም ጨለማው ውስጥ ብቻ ነው። ስትወርድ ለአራተኛ ጊዜ ወደ ሰልፉ ስታመራ ሰገነት ትዕግሥቷ አለቀ።

«በቃ፣ እታገኝ! አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ቤት መድረስ አለብን። ሰው...» አለችና ምላሷን ነከሰች።

«አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሰጊ። በእመቤታችን። አንድ ጊዜ ብቻ።»

«ነገ እንመጣለን።»

ነገ። እታገኝ ነገን ልትገምተው አልደፈረችም። ሁለቱ ከግራና ከቀኝ ይዘው ወደ መኪናው ወሰዷት።

ፍሪዌይ የሚያስፈራት ሴት በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ መንገዱ እንዲዘጋ ተሳለች። አልተዘጋም። ፓልምስ ሲገቡ ከአፓርትመንቱ ፊት የምታውቃቸው መኪናዎች ተደርድረዋል፤ የሰፈራችን ሹፌር የዘለቀ ታክሲም አለ። ግቢው ውስጥ ተጣጣፊ ወንበሮች በሁለት ረድፍ ተዘርግተዋል። የዘረጋኋቸው እኔ ነኝ፤ እስካሁን ያሳፍረኛል። ከደረጃው ሥር ደግሞ ጋሼ ጸጋዬ ጥቁር ሱፋቸውን ለብሰው ቆመዋል።

እታገኝ ከመኪናው ወርዳ አምስት እርምጃ ተራመደች። ከዚያ ደረጃው ላይ ዘጭ አለች።

«ጋሼ፣ እግርዎ ላይ ልውደቅ፣ አይንገሩኝ» አለች። «ዛሬን ብቻ ይተዉኝ። ዛሬን በሕይወት ትዋልልኝ።»

ጋሼ ጸጋዬ ምንም እንዳይተነፍሱ ታዘዋል። ማስመሰል ደግሞ አይችሉበትም። ግራ ገብቷቸው ጎንበስ አሉና የለመደባቸውን ተናገሩ፦ «ተነሺ ልጄ፣ አይዞሽ፣ በርቺ።»

እታገኝ እሪ አለች። እኔ እንደዚያ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። ላይኛው ፎቅ ቤቷ ውስጥ የተደበቁት ግን ድምፁን ሲሰሙ የደስታ መሰላቸው፤ መስኮቱን ከፍተው በአንድ አፍ «ሰርፕራይዝ!» አሉ። አንዷ እልልታዋን ለቀቀችው።

«ወይኔ ጉዴ!» አለች ሰገነት፣ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭና። «መርዶ መስሏት ነው! ቀኑን ሙሉ መርዶ መስሏት ነው!»

ያኔ ነው ሁላችንም የገባን። እኛ ደስታም ስንደብቅ የምናውቀው አንድ ዘዴ ነው፣ የመርዶው፤ ጋሼ ጸጋዬም ለደስታም ለኀዘንም ያላቸው ያው አንድ ሱፍ ነው። የፋና ቪዛ ከወጣ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። መዋሸት ስለማትችል ስልክ እንዳታነሣ የመከርናት እኛ ነን። በስድስት ሰዓት ስታርፍ ዘለቀ ከኤርፖርት አምጥቷታል፤ ሰገነት ሰልፉ ላይ ያነበበችው ይህንን ነበር። እናቷን ደስ እንድትሰኝልን ብለን ስናሰቃያት ዋልን።

ፋና ሩጫዋን ደረጃውን ወረደች። ባዶ እግሯን ናት። እናቷ ፊት ተንበረከከች።

«እማዬ። እኔ ነኝ።»

እታገኝ ትክ ብላ አየቻት። ትታት የመጣችው የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ናት፤ ይቺ ትልቅ ሴት ናት። አላመነችም። ቀኝ እጇን ቀስ አድርጋ አነሣችና ሁለት ጣቷን የልጅቷ አንገት ላይ አሳረፈች። በግራዋ የጋሼ ጸጋዬን ክንድ ሳብ አድርጋ የእጅ ሰዓታቸውን ወደ ራሷ አዞረች። ከንፈሯ መንቀሳቀስ ጀመረ።

እልልታውም ተቋረጠ። እታገኝ ሳትቸኩል፣ አንድም ሳትዘል፣ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆጠረች።

«መቶ አሥራ ሁለት» አለች፣ ድምፅዋ እንደ ሻከረ። ከዚያ ቀና ብላ በየተራ በቁጣ አየችን። «ልጄን ማነው እንዲህ ያስደነገጣት?»